ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ጎድጓዳ

አፍንጮ በር፣ አዲስ አበባ
ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለናዝራዊት፣ ጅማ፤

«ሽማግሌው ተርፈዋል!» ሲባል ሰማሁና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሽማግሌውን ለማየት ዞር አልኩ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ዝናብ ባረጠበው ድንጋይ ላይ ቀኝ እጄን አስቀድሜ ተዘርግቻለሁ፤ ከእኔ ሌላ የወደቀ የለም። ለካ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ተሹሜአለሁ።

እንዴት ከረምሽ ናዙዬ? ሆስፒታሉስ? በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስደውል እናትሽ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ደብዳቤውን የጎረቤታችን የምብራት ልጅ ሉዋም ታደርስልሻለች። ፊደሎቹ ቢያጋድሉ አትገረሚ፤ ወንበሩ ይነቃነቃል።

ተማሪ ሳለሽ በእጄ ስትለማመጂ ትዝ ይልሻል? ከአውራ ጣቴ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ በአንድ ጣት ትጫኚና «አባዬ፣ እዚህ ጋ ያማል?» ትዪኝ ነበር። እኔም ፈተናውን እንድታልፊ ብዬ «ኧረ ሞትኩ!» እልሽ ነበር። «ሰው እጄን በሙሉ አመመኝ ይላል፤ የተሰበረ አጥንት ግን አንዲት ቦታ ላይ ነው የሚናገረው፣ እብጠት ባይኖርም» ያልሽኝን አልረሳሁም። ቤት እንደገባሁ ያቺኑ ቦታ ተጫንኳት። ናዙ፣ ያን ጊዜ በውሸት የጮህኩት ጩኸት በእውነት መጣ።

እናትሽ ጩኸቱን ከጓዳ ሰምታ፣ የትኛው እጅ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ፣ ወዲያው ከእሪ በከንቱ ወጌሻውን ዘገዬን አስጠራች። ቅቤውን በመዳፉ እያሟሟ ሲገባ የጸጋይ እጅ ታየኝ። ያ ከእኔ ጋር መጽሐፍ ይጠርዝ የነበረው ጸጋይ፤ ሌላ ወጌሻ አጥብቆ ቢያስርለት ጣቶቹ ጠቁረው ቀሩ። ዛሬ መርፌ የሚይዝበት እጅ የለውም።

«የቱ ነው የተጎዳው?» አለኝ ዘገዬ።

ፈራሁ። ግራዬን ሰጠሁት።

ጤነኛውን! አሁን ያውቅብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ዳሰሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ውልቅ ብሏል» አለ። አሽቶ ቦታው መለሰው፤ ከየት እንደመለሰው እንጃ። በሸንበቆም አሰረው። «ጋሼ፣ እርስዎስ ወንድ ነዎት! አንዴ እንኳ አልጮሁም» ብሎ አመሰገነኝ። እናትሽ በኩራት አለቀሰች።

ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ታማሚው ግራዬ ስለሆነ ሁሉን የማነሳው በቀኜ ነው። «በደህናው እጅህ አቀብለኝ» ትለኛለች፤ አቀብላታለሁ። ትናንት ጀሪካኑን ሳነሳ ዓይኔ ጨለመ። «ምነው ዓምዴ?» አለች። «ዕድሜ» አልኳት። እውነቱን ብነግራት ዘገዬ ከነቅቤው ይመለሳል። ራጅ እንዳልነሳ ደግሞ፣ ራጅ ሰው አያጽናናም፤ ያየውን ይናገራል። አርባ ዓመት የጠረዝኩበት እጅ ነው። መጽሐፍ ቢበጠስ እኔ እሰፋዋለሁ፤ እኔን የሚሰፋኝ ማነው? ጠዋት ስነቃ ዓይኔን ከመግለጤ በፊት ያቺን ቦታ እነካታለሁ። እንዳለች ናት።

አንቺ ግን አታስቢ፣ ሥራሽንም ጥለሽ እንዳትመጪ። ዛሬ ሻል ብሎኛል። የቄስ አማኑን ዳዊት መስፋት ጀምሬአለሁ፣ ለሰኔ ሚካኤል ይደርሳል። እጄ እንደድሮው ይሠራል።

የዳሰስሽው ሁሉ ይዳንልሽ፤ ራጉኤል ከምትገቢበት ክፍል ሁሉ ቀድሞሽ ይግባ።

አባትሽ
ዓምደሚካኤል

ወንበሩ ምንም አልሆነም። የዘገዬን ማሰሪያ ፈትቼ በግራ እጄ ነው የጻፍኩት።