የሬሳ ማሳረፊያ ድንጋይ የደን ወሰን ስላለመሆኑ

ግንቦት 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ የደን፣ የዱር እንስሳትና የመዝናኛ ሥፍራ ኃላፊ፣
በሚገኙበት ስብሰባ ሁሉ።

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ከወንበሩ ጋር ተስማምቶልዎት ይሆን? መኪናዎስ ደኅና ናት? ባለፈው በአርብ ገበያ ስታልፍ ያስነሣችው አቧራ እስካሁን ከጋቢዬ ስላልወጣ፣ እርስዎን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። እኔ ከጉልበቴና ከጥርሴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የመጨረሻውን ቃል መጻፍ የተከለከለ ከሆነ ሰፊው ሕዝብ ይመስገን ብለው ያንብቡልኝ።

እኔ አድማሱ ቸኮል እባላለሁ፤ የጽድ አፋፍ ገበሬ ነኝ፣ ቤቴም ከመንደሩ ጫፍ ነው። ሚስቴ ጌጤ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ስለምኖር፣ ይህን ስጽፍ አይቶ «ተው አንተ ሰውዬ፣ ይቅርብህ» የሚለኝ የለም። ፊደል ያስቆጠረኝ የእናንተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በስተርጅናዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀሁ ስል፣ አስተማሪው «አባባ፣ ማንበብ የቻለ ሰው መብቱን ያውቃል» ይለኝ ነበርና፣ ለውለታችሁ መልስ እንዲሆን ይኸው ጻፍኩ። እጄ ከእርፍ ሌላ ስላልለመደ ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ ነገሩ ግን አልተንጋደደም።

በወፍጮ ቤቱ በር ላይ መለጠፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ንፋስ መውጫ ቢሮዎ ድረስ በእግሬ ደጋግሜ መጥቼ፣ በረኛዎ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለ መልሶኛል። አንድ ጊዜማ ገና ሰላም ሳልለው ነው ያለኝ። ወፍጮ ቤት ግን የማይመጣ ሰው የለም፤ እርስዎም መቼም እህል ይቀምሳሉና፣ ከዱቄቱ ጋር ወሬው ይደርስዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሬ ይህ ነው። ቤቴ በመንግሥት ደን ውስጥ ስለ ተገኘ፣ ሰኔ ሳይገባ አፍርሼ እንድወጣ ታዝዣለሁ። ቤቴ ወደ ደን የሄደበት ቀን የለም፤ ደኑ ነው ወደ ቤቴ የመጣው። እንዴት እንደ መጣም የነገርዎት ሰው ያለ ስለማይመስለኝ፣ ልንገርዎት።

ባለፈው ጥቅምት፣ በዕለተ ዓርብ፣ መንደሩ በሙሉ ገበያ ወርዶ ሳለ፣ አንድ መነጽር ያደረገ ቀያሽዎ ገመዱንና ቀይ ቀለሙን ይዞ መጣ። ከመንደራችን ጀምሮ እስከ ታችኛው ሚካኤል ድረስ ተራርቀው የተቀመጡ የድንጋይ ክምሮች አገኘ። የድሮ ባላባት ወሰን መስሎት ሥራው የቀለለለት መሆን አለበት። ማንንም ሳይጠይቅ በእያንዳንዱ ክምር ላይ ቁጥር ጻፈና፣ ከክምሮቹ በላይ ያለው ሁሉ ደን፣ በታች ያለው ሁሉ ደን ያልሆነ አድርጎ፣ ፀሐይ ሳይበረታበት ሄደ።

ጓድ ኃላፊ፣ እነዚያ ክምሮች የሬሳ ማሳረፊያ ናቸው። በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ ተሸካሚዎች ቃሬዛውን ያወርዳሉ፣ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ለቀስተኛው ተነሥቶ ሲሄድ አንዳንድ ድንጋይ ጣል አድርጎ ያልፋል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ሲጣል ኖሮ ነው ያ ሁሉ ክምር የሆነው። ለጌጤም በየማረፊያዋ ጥዬላታለሁ። አሁን ከቤቴ ግርጌ ያለችው የመጀመሪያዋ ማረፊያ «ደ.ወ. 1» ተብላ ተጽፎባታል፤ «የደን ወሰን አንድ» ማለት ነው አሉኝ። ሐዘናችን እስከ ዛሬ ቁጥር አልነበረውም፤ ስለ ሰጣችሁልን እናመሰግናለን።

እንግዲህ ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለ ተረዳሁ፣ ቅሬታዬንም በቁጥር አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እንጨት። ሬሳ የሚያልፍበት መንገድ ገደል ይሸሻል፤ በማሳ ዳር ዳር፣ ሜዳ ሜዳውን እየዞረ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቀያሽዎ በመንገዱ ላይ ወሰን ሲያደርግ፣ የእኔ የገብስ ማሳ፣ አውድማዬና የአህያዬ ማሰሪያ ደን ሆኑ። ጽዱና ወይራው ያለው ደግሞ ከመንገዱ በታች፣ በገደሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ደን አይደለም ተባለ። ይህን የሰሙ ባለመጋዞች ከየት እንደ መጡ ሳይታወቅ ገብተው ጽዱን ይገነድሱት ጀመር። ሮጬ ለደኑ ዘበኛ ነገርኩት። ዘበኛው ሞላልኝ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ወርዶ አይቶ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰና «አባባ አድማሱ፣ ከቁጥሩ ውጭ ነው፣ ምን ላድርግ» አለኝ። በማግስቱ እኔ ከአውድማዬ ዳር ጭራሮ ስለቅም ግን ከቁጥሩ ውስጥ ነበርኩና ተከሰስኩ።

ደን ይጠበቅ ማለታችሁን ጠልቼ አይደለም። ያ ጽድ እስከ ዛሬ የቆመው በአባቶቻችን ውግዘት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ጣራና ለተሰበረ ሞፈር ካልሆነ በቀር መጥረቢያ የሚያነሣበት አልነበረም። እኛ በቃል የጠበቅነውን እናንተ በቀለም አስጨረሳችሁት።

ሁለተኛ፣ ስለ ዱር እንስሳት። ማሳዬ ደን ከሆነ ወዲህ፣ ገብሴን የሚበላው ዝንጀሮ የመንግሥት ዝንጀሮ ሆኗል፤ ወንጭፍ ባነሣ ወንጀለኛ ነኝ። ዝንጀሮዎቹ አዋጁን ማን እንዳነበበላቸው አላውቅም፣ ግን ከእኔ በፊት ሰምተዋል። ድሮ ስጮህባቸው ገደል ለገደል ይሸሹ ነበር፤ ዛሬ ቁጭ ብለው እየፈለፈሉ ያዩኛል። አንደኛው ትልቁ፣ ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወረደው፣ ጠዋት መጥቶ ማታ ይሄዳል፤ ከቢሮዎ ሠራተኞች መካከል በሥራ ገበታው ላይ ሳያቋርጥ ሲገኝ ያየሁት እሱን ብቻ ነውና፣ ቢቻል ደረጃ እንዲያድግ አሳስባለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ መዝናኛ። አውድማዬ ለጥ ያለና ነፋሻ ስለሆነ የእንግዶች መዝናኛ እንዲሆን ተመርጧል፤ ክብሩ ከፍ ያለ ነው። በፋሲካ ማግስት ከከተማ የመጡ እንግዶችዎ በላዩ ጨርቅ አንጥፈው በሉ፣ ጠጡ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ፤ አህያዬ ከኋላ ስለ ታየች «አባባ፣ እቺን ነገር ዞር ያድርጉልን» አሉኝ። አዞርኳት። አንዲት ደግ ወይዘሮ ደግሞ ቤቴንና የግራር አጥሬን እያየች «ውይ ሲያምር! ማን ነው የሚኖርበት?» ብላ ጠየቀችኝ። «እስከ ሰኔ እኔ ነኝ» አልኳት። የቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እኔም ለእንግዳ ብዬ አብሬ ሳቅሁ። የተሰበረውን ጠርሙስ ከአውድማው ስለቅም ግን ብቻዬን ነበርኩ፤ ከብት በባዶ እግሩ ነው የሚያበራየው።

አራተኛው ከሁሉ የባሰው ነው። በደኑ ውስጥ በቡድን ሆኖ ማለፍ የሚፈልግ ከሰባት ቀን በፊት በጽሑፍ ያመልክት የሚል ትእዛዝ ወጥቷል። የቀብር መንገዳችን ከዳር እስከ ዳር የእናንተ ሆኗልና፣ እንግዲህ ከጽድ አፋፍ የሚሞት ሰው ከሰባት ቀን በፊት ያሳውቅ ማለት ነው። ሞላልኝን «ሟቹ ራሱ ነው የሚያመለክተው ወይስ ዘመድ?» ብዬ ብጠይቀው፣ አንገቱን ደፍቶ «አባባ፣ እኔ የተሰጠኝን ነው የማነበው» አለ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ እማሆይ አልጣሽ ታመው ነበርና፣ ሕግ አክባሪዎች እንሁን ብለን ሄደን ቀኑን እንዲነግሩን ለመንናቸው። ከመደባቸው ቀና ብለው «ለመንግሥት ብዬ አልፈጥንም፤ ለመንግሥት ብዬም አልዘገይም። ሂዱ ወደዚያ!» አሉን። ሳምንቱ ሳይሞላ አረፉ።

ቄስ ገብረ ሕይወት፣ ለምእመናኑ ፈርተው ነው እንጂ ለራሳቸው አይደለም፣ «በገደሉ በኩል እናውርዳቸው ይሆን?» ብለው ነበር። በገደሉ በኩል ፍየል እንኳ ተጠንቅቃ ነው የምትወርደው። ያቺ ሴት የመንደሩን ሕፃን ሁሉ ስታዋልድ ኖራ፣ ስትሞት እንደ ተሰረቀ በግ በገደል ልትሾልክ ነው? አይሆንም ተባለና፣ በአደባባይ፣ በመንገዳቸው ተወሰዱ። በሰባቱም ቦታ አረፉ፣ በሰባቱም ፍትሐት ተደረሰላቸው፣ በሰባቱም ድንጋይ ተጣለላቸው። የድንጋዩ ብዛት የሐዘኑን ያህል ስለነበር፣ «ደ.ወ. 1» ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነበብም። ሌሎቹም ቢሆኑ ትንሽ ለቅሶ ቢጨመርላቸው ይሸፈናሉ።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ተናድጄ ረሳሁት።

እንግዲህ ጓድ ኃላፊ፣ ለትእዛዝዎ መልሴ ይህ ነው። ቤቴን አላፈርስም። ምሰሶውን ያቆምኩት ጣልያን በወጣ ሰሞን በገዛ እጄ ነው፤ ጌጤ እያቦካች የመረገችው ጭቃ እስካሁን አልተሰነጠቀም። ሰኔ ሲገባ ከዚህ ቤት የሚወጣው በሬዬ ነው፣ እሱም ለእርሻ፤ ማታ ይመለሳል። እኔ ከዚህ ቤት እስከ ወዲያኛው የምወጣበት ቀን አለ፤ እሱን እርስዎም ሆነ እኔ አናውቀውም፣ ከሰባት ቀን በፊትም አላሳውቅዎትም። ያን ቀን በወሰናችሁ ላይ ሰባት ጊዜ ጋደም እያልኩ አልፋለሁ፤ ዘበኛ ካቆማችሁም ቆብ ያወልቅልኛል እንጂ አያስቆመኝም።

ሥልጣንዎ እንደ አውድማዬ የተንጣለለ፣ ስብሰባዎ እንደ ክረምት ደመና የማይበተን፣ እንቅልፍዎም እንደ በረኛዎ ቃል የማይለወጥ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ማንበብ ስላስተማራችሁኝ ደጋግሜ እጅ በመንሣት፣

አድማሱ ቸኮል፣
ለጊዜው በደኑ ውስጥ፣ ሁልጊዜም በቤቱ የሚገኝ ገበሬ።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ልለጥፈው ስል፣ እማሆይን ያለ ፈቃድ የተሸከሙትን ሰዎች ስም የሚያጠያይቅ ሰው ከቢሮዎ መምጣቱን ሰማሁ። በከንቱ አይድከም። ቃሬዛውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ አራቱንም ጫፍ፣ ብቻዬን። ከፊት በኩል ትከሻውን ሰጥቶ ታየ የተባለው ሰውም ሞላልኝ አይደለም፤ እሱ በዚያን ቀን ሆዱን ታሞ ተኝቶ ነበር፣ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ፍትሐቱንም ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ መቃብሩንም የቆፈርኩት እኔ፣ እንደ ሴት ደረት የመታሁትም እኔ። ሌላ ሰው ስላልነበረ ሌላ ስም አይጻፍ። የምትልኩት ሰው በመጣ ጊዜ አጥሩ ጋ ሆኖ ይጥራኝ፤ ቤቴ ነኝ።