በበረዶው ቤት ያለችው ነፍሰ ጡር ስንተኛው ደረጃ ላይ ናት?

ለተከበሩ የስልክ ጌም አቅራቢው ድርጅት የአዳዲስ ተጫዋቾች ማፍሪያ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕፃን የማይቆራረጥ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድሁት ክብርዎን ለመንካት ፈልጌ ሳይሆን አድራሻዎን ባለማግኘቴ መሆኑን በቅድሚያ ላስታውቅ እወዳለሁ። እርስዎ እናቴን በስልኳ በቀን አሥራ አራት ጊዜ ሲያገኟት፣ እኛ እርስዎን በሦስት ወር ውስጥ አንዴ እንኳ ልናገኝዎ አልታደልንም።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ነኝ። እናቴ ደግሞ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጤና ጣቢያ ስትሠራ የሰፈራችን ግማሽ ሕዝብ በእጇ ስላለፈ፣ ጎረምሳው ሁሉ ሲጣላ እንኳ እሷ ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቅሬታ ማለቱ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩. የመጀመሪያው ስለ ማስታወቂያዎ ነው። እናቴ የሕፃን ኮፍያ አሠራር በስልኳ እየተመለከተች ሳለች ቪዲዮው ተቋርጦ የእርስዎ ሥዕል መጣ። ጣራው የተቀደደ ቤት፣ በመስኮቱ የሚገባ በረዶ፣ ሊጠፋ የደረሰ እሳት፣ ወለሉ ላይ ሆዷን ይዛ የምትንቀጠቀጥ ነፍሰ ጡር። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ጣት ከቀረቡለት ዕቃዎች ብርድ ልብሱን ትቶ የአበባ ማስቀመጫ ይመርጥላታል፤ ሴትየዋም ታለቅሳለች። ከሥሩ «እርስዎ ሊያድኗት ይችላሉ?» የሚል ጽሑፍ አለ። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ «ይቺ ልጅ እኮ ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች፤ ማን ነው እዚህ ጥሏት የሄደ?» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ምጥ ሲጠራት ተነሥታ የሄደችን ሴት በሠላሳ ሰከንድ ከወንበሯ ማስነሣት ቀላል ጥበብ ስላልሆነ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

ጌሙን አወረደችው። ውስጡ ግን ሴትም፣ ቤትም፣ በረዶም የለም። ያለው ሐብሐብን ከሐብሐብ፣ ብርቱካንን ከብርቱካን ጋር ሦስት ሦስት አድርጎ እያሰለፉ ማፈንዳት ነው። እናቴ «ኋላ ትመጣለች» ብላ አሰለፈች። አንድ መቶኛውን ደረጃ አለፈች፤ ሁለት መቶኛውንም አለፈች። «እማዬ፣ ሴትየዋ የለችም፤ ሰው ለመሳብ ያመጧት ናት» ብላት፣ «የሌለችን ሴት ማን ቁጭ ብሎ ይሥላል? አንቺ ደግሞ ከፊደል ግድፈት ሌላ አይታይሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እንዲህ ያለ ግድፈት በሙያ ዘመኔ አጋጥሞኝ አያውቅም።

፪. ሁለተኛው አጭር ነው። ነፍሰ ጡሯ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደምትገኝ እንዲነግሯት በትሕትና የሚጠይቅ መልእክት እናቴ እየነገረችኝ ጻፍሁ። ለደንበኞች አገልግሎትዎም ላክነው። ደቂቃ ሳይሞላ «ውድ ተጫዋች፣ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፤ ለጨዋታዎ ሃምሳ ዕንቁ ተበርክቶልዎታል» የሚል ምላሽ ደረሰን። ስለ ፍጥነቱ እጅ እንነሣለን። ዕንቁዎቹን ሽጠው ለሴትየዋ ማገዶ እንዲገዙላት ልንመልስልዎ አስበን ነበር፤ የመመለሻ ቁልፍ አጣን እንጂ።

፫. ሦስት መቶኛው ደረጃ ላይ በር ተዘጋባት፤ በሩ የሚከፈተው አዳዲስ ተጫዋቾችን ስትጋብዝ ብቻ መሆኑም ተነገራት። እናቴ በሕይወቷ ማንንም አስቸግራ የማታውቅ ሴት ናት። ለሌላ ሰው ሲሆን ግን ይሉኝታ የላትም፤ ስለዚህ ያዋለደቻቸውን እናቶች አንድ በአንድ ደወለችላቸው። ዳቦ ሻጯ ገባች፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ገባች፣ አክስቴም ሳይቀሩ ገቡ፤ በጠቅላላው ሃያ ሦስት ሴቶች። በምጥ ቀን እጇን ጨብጠው የጮኹባትን አዋላጅ እንቢ የሚል አንጀት ያለው ማን አለ? እርስዎ ለዚህ ሁሉ ውለታዋ በስሟ አናት ላይ የወርቅ ዘውድ ደፍተው «የክብር አምባሳደር» ብለዋታል። ጤና ጣቢያው ሲሸኛት የሰጣት አንድ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ስለነበረ፣ ለጋስነትዎን ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

፬. አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ የጎረቤታችን ምራት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች እንሽርት ውኃዋ ፈሰሰ። አማቷ ሮጠው የእኛን ደጅ አንኳኩ። እናቴ ቤት ነበረች። አክስቴ ስለ ማስታወቂያው ነፍሰ ጡር «ስትቀርቢያት ልቅሶዋ ይሰማል አሉ» ስላሏት፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ ስድስት መቶ አርባኛው ደረጃ ላይ ሴትየዋን ታዳምጥ ነበር። አማቲቱ ደጋግመው አንኳኩ፤ የወጣች መስሏቸው ምራታቸውን ታክሲ ላይ ጫኑ። ሕፃኗ ሆስፒታሉ ለመድረስ ሁለት የትራፊክ መብራት ሲቀር በኋላ ወንበር ላይ ተወለደች። ባለታክሲው መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ወርዶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ አሉ። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው፤ ይህን የምነግርዎ ሐሳብ እንዳይገባዎ ነው።

አማቲቱ ማታ ሲመለሱ ያለ አንዳች ወቀሳ «ቤት የለሽም ብለን ነው እንጂ መጥተን ነበር» አሏት። እናቴ አላለቀሰችም። በማግሥቱ ሄዳ እትብቱን አየች፣ ሕፃኗን አጠበች፣ ተመልሳም ስልኩን ዘረጋችልኝና «ይህን ነገር ከዚህ አውጪልኝ» አለች። አወጣሁት።

ከዚያ ያስገባቻቸውን ሴቶች ልታስወጣ ቤት ለቤት ዞረች። አምስቱ እሺ አሏት። የቀሩት ሳቁባት፤ አክስቴም «እኛ እኮ ሴትዮ ፍለጋ አይደለም የገባነው፤ ሐብሐቡ ነው የያዘን» አሏት። አሁን ቀኑን ሙሉ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጣለች፤ የሚያንኳኳ ግን የለም፤ ሰዉ ቤት የለችም ማለትን ለመደ።

እኔም ዝም አላልሁም፤ አቤት ወደሚባልበት መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ግራጫ ሹራብ የለበሱ አንድ ጸሐፊ ስልካቸውን ከጠረጴዛው በታች እንደያዙ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ ጌሙ በነጻ የሚሰጥ መሆኑን፣ እናቴንም ማንም እንዳላስገደዳት አስረዱኝ። በመካከሉ ከጠረጴዛው ሥር ሐብሐብ ሲፈነዳ ሰማሁ። ድምፁን ከየትም ስለምለየው አመስግኜ ወጣሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ማስታወቂያውን ይተዉት ብዬ አልለምንዎም፤ እንደማይተዉት አውቃለሁ። የምለምንዎ ሴትየዋን ከጌሙ ውስጥ አንድ ቦታ፣ የፈለገውን ያህል ሩቅ ደረጃ ላይ ይሁን፣ እንዲያስገቡልን ነው። ፈልጎ የደከመ ሰው ብርድ ልብሱን አልብሷት ይመለስ።

ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ክፍልዎ በዚሁ ትጋቱ እንዲበረታ፣ ያላፈራውም ሰው እንዳይቀርበት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በፍጹም አቅመ ቢስነት እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞ የክብር አምባሳደርዎ ልጅ፣
የጽሑፍ አራሚዋ

ማስታወሻ፦ እናቴ ደብዳቤውን አንብባ ከውስጡ ምንም አላስቀየረችም። አንድ ነገር ብቻ እንዳደርስልዎ አዝዛኛለች፦ ሴትየዋን በጀርባዋ አንጋላችሁ ሥላችኋታል፤ በዚያ ወር በጀርባ መተኛት ለእሷም ለልጁም ጥሩ አይደለም። እስክትደርሱላት ድረስ በግራ ጎኗ አስተኟት ብላለች።