«ጎረቤት፣ መብራት መጣ?»

ማክሰኞ፣ የካቲት 9። እስከ እኩለ ቀን የተሸጠ፦ አራት ፍላሽ፣ ሁለት ቻርጀር። አንድ ኪቦርድ ሊመልሱልኝ መጥተው ነበር፤ ሻይ ደፍተውበታል፣ አልተቀበልኩም።

ውድ ሽሪኬ፣

የለመንከኝን ዛሬ ያዝኩት። ሱቃችንን የከፈትን ዕለት የቀረፅነው ቪዲዮ፣ የባለቤትህ ድምፅ ያለበት፣ ከዚያ ከአሮጌው ኮምፒውተርህ ሃርድ ዲስክ በቀር የትም የለም። ዲስኩም ሲነሳ እንደ ጉልበትህ ቋ ቋ ይላል። በስልክ «ካረፈች ወዲህ ድምጿ እየጠፋብኝ ነው» ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጥ ጀምሬ ገና ሳይጋመስ መብራት ድርግም አለ። የመጠባበቂያው ባትሪ ይጮህ ጀመር። ትንሽ ብታገሥ ይጨርስልኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አንተ ግን «በባትሪ ቁማር አንጫወትም፤ አቁምና በወጉ አጥፋው» ትል ነበር። ቅጂውን አቋርጬ በወጉ አጠፋሁት።

ብዙም ሳይቆይ መብራት መጣ። እጄ ማብሪያው ላይ ሲደርስ ደንባችን ትዝ አለኝ። መብራት ሲመለስ ብልጭ ድርግም ማለት ልማዱ ነውና፣ የጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ መቁረጫ ያለማቋረጥ ካልሠራ እኛ ማሽን አናበራም። ባለቤትህ ግድግዳውን በመዳፏ ትደበድብና፣

«ጎረቤት፣ መብራት መጣ?» ትለው ነበር።

«እኔን መሞከሪያ አደረጋችሁኝ! የሰው ጭንቅላት ግማሹን ላጭቼ ቆሜያለሁ እኮ!»

«ግማሹን ለነገ አሳድርለት፤ ሁለቴ ታስከፍለዋለህ!»

ተላጪው ራሱ ሲስቅ በግድግዳው ይሰማን ነበር።

ዛሬ ግድግዳ የሚደበድብ ስለሌለ ጆሮዬን አስጠጋሁ። መቁረጫው ተነሳ፤ ወዲያው ቀጥ አለ። መብራት ዳግም ሄደ። ባትሪው ተሟጧልና፣ ቸኩዬ አብርቼው ቢሆን ኖሮ ያ ዲስክ እየተሽከረከረ ይቋረጥበት ነበር፤ እሱ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

እንደገና ሲመጣ ራሴ ግድግዳውን መታሁ።

«ጎረቤት፣ መብራት መጣ?»

መቁረጫው ሲሠራ፣ ሲሠራ ቆየ።

«መጣ» አለኝ በመጨረሻ። «ይሄ ግድግዳ ስንት ጊዜ ሆነው ከተመታ!»

ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ ደንበኛውን ወንበሩ ላይ ትቶ መጣ። ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ገለበጥን። አንድም ሳይጎድል አለቀ፤ ከፈትነው። ካሜራው ወደ እሷ ሲዞር በአንድ እጇ ፊቷን ትከልላለች፣ በሌላው አንተን ታመለክታለች።

«እኔን ተዉኝና እሱን ቅረፁ! ሸሚዙን ራሱ የተኮሰው ዛሬ ብቻ ነው!»

ከዚያ ያ ሳቋ። ጎረቤታችን አብሯት ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ፊቱን በደንበኛው ፎጣ ጠረገ። እኔም የሚከፈት ካርቶን ፈልጌ ጎንበስ አልኩ።

አልጠፋችም፣ ሽሪኬ። ስትሰማት ድምፁን ከፍ አድርገው፤ እሷ በቀስታ ተናግራ አታውቅም።

ሽሪክህ

ነገ፦ ሁለተኛ ቅጂ አውጥቼ መሳቢያዬ ውስጥ ማስቀመጥ። አዲሱን ዲስክ በስፖንጅ ጠቅልዬ ጠዋት ወደ ሽሪኬ ከተማ ለሚነሳው አውቶቡስ ሹፌር መስጠት። ለመጠባበቂያው አዲስ ባትሪ መግዛት። ለጎረቤት ፎጣ።