ባሱ የማይሰማበት አልበም

ሰኞ

የለሁም። ስምንቱንም ዘፈን ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማሁ፣ የለሁም።

ናቲ የየመሣሪያውን ድምፅ አመጣጥኖ፣ የአልበማችንን ሚክስ ጨርሶ ዛሬ ጠዋት በስልክ ላከልን። እሱ ጊታርና ድምፅ፣ ሙራድ ድራም፣ እኔ ባስ ጊታር። እሑድ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ከአየር ጤና እስከ ኮልፌ ታክሲ ውስጥ ሄድፎኑን ከሂጃቤ ሥር አድርጌ አዳመጥኩት። መስኮቱን ጉም ሸፍኖታል፣ ተሳፋሪው ሁሉ በሐምሌ ብርድ ተኮራምቶ ያንቀላፋል፣ እኔ ጆሮ ውስጥ ሙራድ ድራሙን ይቀጠቅጣል። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ከዚያ የራሴን ባስ መፈለግ ጀመርኩ። ስፈልግ ፌርማታዬን አለፍኩ፣ አላገኘሁትም።

ናቲ ከሥር እንዲህ ጽፎልኛል፦ «ሰሚ፣ ጥንካሬና ድክመቱን ጽፈሽ እስከ ቅዳሜ ስጪኝ። ለወግ ያህል እንዳታሞግሺኝ።» ከሦስታችን እውነቱን ፊት ለፊት የምናገረው እኔ ነኝ ይላሉ። እንግዲህ እናያለን።

ማክሰኞ

ዝናብ። ደንበኛ የለም። የአባዬ ስፖንጅ ፍራሽ ሱቅ ከጀርባው መጋዘን አለው፤ አልበሙንም የቀዳነው እዚያው ነው፣ ፍራሹ ጩኸት ስለሚውጥልን። ዛሬ ስድስት ፍራሽ ከተደራረበበት ላይ ወጥቼ ተጋደምኩና እንደገና ሰማሁት። እዚያ ላይ ሲተኙ ቤቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም።

ጥንካሬ፦
ፍጥነቱ። ሙራድ ጋራዥ ውሎ መጥቶ እንኳ አይደክመውም።
አራተኛው ዘፈን ላይ ያለው ሪፍ፣ ያ የሚደጋገመው የጊታር ዜማ። ሻይ ሳማስል ማንኪያዬ በሱ ምት ነው የሚዞረው።
ናቲ ስለ ታክሲ ሰልፍ ሲጮህ የምሩን ነው። ሰልፉን ያውቀዋላ።
ቶሎ ያልቃል። ይህ ስድብ አይደለም።

ድክመት፦
ስድስተኛውና ሰባተኛው አንድ ዘፈን ናቸው። ማንም ምንም ቢል አንድ ናቸው።
ሶሎ፣ ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት። ናቲ መጀመር እንጂ ማቆም አያውቅም።
የአልበሙ ድምፅ ቀጭን ነው። ሁሉም ነገር ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ የሚመጣ ይመስላል።
ባስ።

«ባስ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ስለ ራሴ ማልቀስ መሰለኝ። ሰረዝኩት።

ረቡዕ

አላስቻለኝም፣ ጠየቅሁት። ናቲ ጦር ኃይሎች ሰፈር መጋረጃ ይሰፋል። የስፌት መኪናውን ሳያቆም መለሰልኝ፦ «አለ እኮ! ጥሩ ባስ አይሰማም፣ ሲጠፋ ነው የሚታወቀው። የድሮዎቹ ባንዶች እንደዛ ነው የሚሠሩት። ቀዩን ካሴት ረሳሽው እንዴ?»

ቀዩን ካሴት እንዴት እረሳለሁ። ሽፋን የለው፣ ስም የለው፣ የማን ባንድ እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። የናቲ አባት ጋሽ ታደሰ ከአሮጌ ዕቃ መሃል ያገኙት ነው። ከአሥር ዓመት በፊት፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለን፣ በሳቸው ቴፕ ሰማነውና ሦስታችንም አበድን። ለእኛ ትራሽ ሜታል የሚባለው ፈጣንና ጯሂ ሮክ ማለት ያ ካሴት ነው። ናቲ አልበማችንን ሲያስተካክል በዚያው ቴፕ ካሴቱን እያጫወተ፣ ልክ እሱን እስኪመስል ድረስ እንደሠራው ነገረኝ። ባሱንም ዝቅ ያደረገው ለዚያ ነው።

ምን እመልሳለሁ? እውነቱን ነው፣ ካሴቱ ላይም ባስ ሰምቼ አላውቅም። ግን ሆዴ ሌላ ነገር ይለኛል፦ ስለማልችል ይሆን የደበቀኝ? ስንለማመድም የሙራድ ድራም ይውጠኛል፤ እንደምችል በምን አውቃለሁ? እሑድ ከወጣ ደግሞ ወጣ ነው፣ ያለእኔ። ለማወዳደር ብዬ ካሴቱን ተዋስኩት።

ሐሙስ

እኛ ቤት ቴፕ የለም። ኮልፌ ገበያ ጋ ሬዲዮ የሚጠግኑ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ካሴቱን አገላብጠው አዩ፣ ትልቅ ማጫወቻ ውስጥ ከተቱልኝና የራሳቸውን ሄድፎን ሰጡኝ። ትንሽ ሰምተው ስለነበር «ጆሮሽን እንዳይጎዳሽ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፈው እንጃ።

በግራ ጆሮዬ የማውቀው ጊታር ነበር። በቀኝ ጆሮዬ ሌላ ጊታር አለ። ሰምቼው አላውቅም! የመጀመሪያው ሲጠይቅ የሚመልሰው እሱ ነው። እኔ ዝም ብሎ ክፍተት ይመስለኝ የነበረው ቦታ ሁሉ መልስ ነበረበት። ከሁለቱም ሥር ባስ አለ። ወፍራም፣ የሚሮጥ፣ ሁሉን የተሸከመ። ባደግኩበት ሰፈር የማላውቀው መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ በዚያ መንገድ ሄድኩ። ውጭ ዝናቡ፣ ታክሲው፣ ሻጩ ሁሉ ራቀ።

ዓይኔን ስገልጥ ጋሽ ሰይድ ያዩኛል። የሆነውን ነገርኳቸው። «የናንተ ቴፕ አንዱ ስፒከር አይሠራም ነበር?» አሉኝ። አዎ፣ አይሠራም! የጋሽ ታደሰ ቴፕ ቀኝ ስፒከሩ የለም፤ ቀዳዳው ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ነው የተሰካበት። «እንግዲህ ግማሹን ነው የሰማችሁት» አሉ። «የቀረውም አርጅቶ ወፍራም ድምፅ አያወጣም።»

ግማሹን። ናቲም ያንን ግማሽ ምንም ሳያጎድል ሠራው።

ዓርብ

ለናቲ ልንገረው? አልንገረው? ከጁምዓ በኋላ ሙራድን ጋራዡ አገኘሁትና የሰማሁትን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ተይው፣ ሁለት ዓመት ለፍቶበታል፣ ልቡ ይሰበራል» አለኝ። እሱ ምን ቸገረው፣ ድራሙ ይሰማል።

ቀኑን ሙሉ ያ ቀኝ ጊታር አልለቀቀኝም። ደንበኛ የሁለት ሰው ፍራሽ ብትለኝ የአንድ ሰው አወጣሁላት። አባዬ «የት ነው ያለሽው አንቺ?» አለኝ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። የምፈራው ለናቲ ልብ ብቻ አይደለም። ባሱን ከፍ ቢያደርገውና መጥፎ ብሆንስ? ተደብቆ መኖር እኮ ይመቻል።

ቅዳሜ

ናቲን ምንም ሳልነግረው ጋሽ ሰይድ ጋ ወሰድኩት። «መጀመሪያ ይህን ስማ» አልኩት ብቻ።

ሄድፎኑን አደረገ። ፈገግ አለ፣ ካሴቱን ሲሰማ ሁልጊዜ ፈገግ ይላል። ከዚያ እጁን ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገ። ሄድፎኑን አወለቀና ገልብጦ አጠለቀው። የካሴቱ አንዱ ገጽ እስኪያልቅ አልተነቃነቀም።

«ለምን ዛሬ? ነገ ሊወጣ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጋሽ ሰይድን እንኳ ሳይሰናበት ወጣ። እኔው ይቅርታ ጠየቅሁለት፣ አፈርኩ።

ስልኩን አላነሳም። ወረቀቱን አወጣሁና የሰረዝኩትን መልሼ ጻፍኩ፦ «ባስ የለም። የወደድነውን ከነጉድለቱ ቀዳነው። ጉድለቱ ግን የቴፑ ነው እንጂ የሰዎቹ አይደለም።» ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። አይቶታል።

እሑድ

አልበሙ አልወጣም።

ናቲ ጠዋት ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጋዘኑ መጣ፣ ከኋላው ሙራድ። የናቲ ዓይን አብጧል። «አባዬን ጠየቅኩት» አለ። «ስፒከሩ እኔ ሳልወለድ ነው የተቃጠለው አለኝ። እኔ ደግሞ ቴፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አበባ ያለው ይመስለኝ ነበር።» ሙራድ መሳቅ ጀመረ፣ እኛም ተከተልነው። ስለ ትናንቱ «ይቅርታ» አለኝ። ሁለተኛ ጊታር ሊጨምር ነው፣ አልበሙ የሚወጣበትን ቀን ግን ማናችንም አላነሳንም።

ከዚያ ባሱን ከፍ አደረገው። ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥንና ሰማን።

አለሁ። የመጀመሪያው ዘፈን ከእግሬ ሥር ተነሳ። ሙራድ «ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?» አለ። ሁለተኛውም ላይ አለሁ። ሦስተኛው መሃል ላይ ስንደርስ ግን ባሱ ድራሙን ጥሎ ይሮጣል። በትንሹ ነው፣ ግን ይቀድመዋል። ሦስታችንም ሰማነው። ናቲ አየኝ፤ እጁ ማውሱ ላይ ነው፣ እሺ ብል ዝቅ ሊያደርገው።

«ተወው» አልኩት። «ነገ እንደገና እጫወተዋለሁ።»

ለካ እቸኩላለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ስቸኩል ኖሬ ዛሬ ገና በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት።