በጾም የተጠራ ሠርግ

ካዛንቺስ፣ ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንደምን ነው? ጉልበትሽስ? ጥምቀትን ታቦቱን ሸኝተሽ በሰላም ገባሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከደኅናም ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ ደስታውን ሆዴ አልችለው ብሎ ነው።

የማተሚያ ቤታችን ባለቤት ጋሽ አረጋዊ የክፍሉ ኃላፊ ሲያደርጉኝ «እስከ ጥምቀት እይሻለሁ፤ ካልሆነልሽ የቀድሞውን ሰውዬ እመልሰዋለሁ» እንዳሉኝ ጽፌልሽ ነበር። ያ ሰውዬ ስህተት ባየ ቁጥር «ማነው ያጠፋው?» እያለ ሠራተኛውን በሰው ፊት ያዋርድ ነበር። እሱ ቢሄድም ፍርሃቱን ትቶልን ሄደ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሠራል፤ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔም ምን ዓይነት ጨዋ ሰዎች ናቸው እያልኩ እኮራ ነበር፤ ሞኝ መሆኔ።

ለከተራ አንድ ቀን ሲቀረው የሠርግ ጥሪ ካርድ አትመን ጨረስን። ጋሽ አረጋዊ ለወዳጃቸው ልጅ ቃል የገቡበት ሥራ ነው። ታሽጎ ሊወጣ ሲል አንዱን አንሥቼ ለሠራተኞቹ በኩራት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ተክሊሉ በቅዱስ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን፣ የካቲት 25 ቀን። መሆን የነበረበት ጥር 25 ነው። የካቲት 25 ማለት ደግሞ፣ እማዬ፣ ዐቢይ ጾም በገባ በማግስቱ ነው።

እሽጉን አስቆምኩ። ይህን ያየ ሰው አልነበረም ወይ ብዬ ብጠይቅ ሁሉም መሬት መሬት አየ። የዚያ ሰውዬ ጥያቄ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩትና የመጨረሻውን ቅጂ አንብቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው አልኳቸው።

 ከዚያ ጽሑፉን በኮምፒውተር የምትጽፈው ሀብትነሽ የተሳሳተችው እሷ እንደሆነች፣ ማታ ትዝ ብሏት እንቅልፍ እንዳጣች ተናገረች። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ታዲዎስም ሲያትም እንዳየው አመነ። ወረቀት ቆራጩ ጋሽ ደጋጋ ግን ከሁሉም የባሱ ናቸው፤ ጠዋቱን ሙሉ ሙሽሮቹን ሲያሙ ኖሯል። «በሁዳዴ ሠርግ የሚደገስበት ዘመን ላይ ደረስን፤ የሚባርካቸውስ ቄስ ማን ይሆን እያልኩ ነው የቆረጥኩት» አሉ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ሀብትነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከሳቁ በኋላ ካርዱን እንደገና ስናትም ያየሁትን ሥራ ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ምሳ ያስታወሰ የለም። ያ ዝምተኛ ቤት አፍ አወጣ፤ እዚህ ጋ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ይኼኛው ጠሟል፣ የሙሽራው አባት ስም ፊደል ጎድሎታል ይባባላሉ። ለካ ይህ ሁሉ ይታያቸው ነበር።

ጋሽ አረጋዊ ሲመጡ አዲሱ ካርድ ታሽጎ ነበር። የተበላሸውን ክምር ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠና እሳቸውም ማነው ያጠፋው አሉ። አራታችንም በአንድ አፍ «እኔ ነኝ» አልን። አንድ ሰው ሊቆጡ ተዘጋጅተው አራት ሲሆንባቸው ምን ያድርጉ? አዲሱን ካርድ አንሥተው አዩና ይህ ቤት እንዲህ ሲንጫጫ ሰምቼ አላውቅም አሉ። ማታ ለብቻዬ ጠርተው ቦታው የአንቺ ነው፣ ያ ሰውዬ አይመለስም አሉኝ። ሥራዬን ብቻ ሳይሆን ሰዎቼንም አተረፍኩ።

አሁን ሕግ አውጥተናል። ስህተት ያየ ይናገራል፤ የተሳሳተው ማኪያቶ ይጋብዛል። ታዲዎስ የእኔን ስህተት ብቻ ነው የሚለቅመው። ሀብትነሽ ይህ ልጅ ነጥብሽንም በማጉያ መነጽር ነው የሚፈልገው እያለች ትስቅብኛለች። ከዚህ እስከ ስታዲየም ያለውን ካፌ ሁሉ እኔና እሱ አዳረስነው።

እማዬ፣ ጋሽ ደጋጋ በሚመጣው ሳምንት ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስከትለው ወልዲያ ብቅ ይላሉ። ለምን እንደመጡ ራሳቸው ቢነግሩሽ ይሻላል። ወግ ነው ብለሽ በቀጠሮ አታመላልሺያቸው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሰውየውም እንደነገርኩሽ ሐሜት ይወዳሉ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ምርቃትሽም አይለየኝ። ቀን ከቆረጣችሁ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አራታችንም ደጋግመን እናነበዋለን። በጾም እንዳይውል ብቻ።

የምትወድሽ ልጅሽ