የኮከብ ቆዳ

ኅዳር 3

ዛሬ አራት መነጽር ሸጥኩ፣ ሁለት እጀታ ጠገንኩ። አንዲት ሴትዮ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ ባሏን ትክ ብላ አየችውና «የድሮውን መልስልኝ» አለች። መለስኩላት። ሰውዬው ሲወጣ እጄን ጨበጠኝ።

ማታ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፣ ስልሳ አንደኛዋን ላነሳ። ስሞት ሚስቴ ይህን ደብተር አግኝታ «ስልሳ ሴት ነበሩት» እንዳትል ይብራራ። ኮከብ ሲያረጅ ዝም ብሎ አይሞትም። ቆዳውን ከላዩ ገሽልጦ ይወረውረዋል። የተወረወረው ቆዳ እያበራ ቀለበት ይሆናል... እኔ የማድነው ኔቡላ እሱ ነው፣ ያውም ትንንሾቹን። ከሩቅ ሲታዩ ከተራ ኮከብ አይለዩም። የሚያጋልጣቸው ማጣሪያ ነው። ከሳንቲም የማትበልጥ አረንጓዴ መስታወት ካሜራው ፊት ስትገባ ኮከቦቹ ይደበዝዛሉ፣ ኔቡላው ይደምቃል። አንድ ፎቶ ያለ ማጣሪያ፣ አንድ በማጣሪያ፣ ከዚያ ማስተያየት። አስራ አንድ ዓመት። ሰው የኮከብ ሬሳ ሲፈልግ ዕድሜውን ይጨርሳል?

ዛሬ ግን አላነሳሁም። ሞረድ መብራት ሰቅሏል።

ሞረድ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ሥጋ ሻጭ፣ በግድግዳ የምንዋሰን። ሰው ሁሉ በቢላ መሳያው ይጠራዋል። ባለፈው ሳምንት ከግቢው ሁለት በግ ተሰረቀበትና... መብራት ብዬ አሳነስኩት፣ ፀሐይ ነው የሰቀለው። ጣሪያዬ ላይ ቆሜ የክንዴን ጸጉር ቆጠርኩ።

ኅዳር 6

ሥጋ ቤቱ ሄድኩ። በሰላም። በግ እየገፈፈ ነበር። ቆዳውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቡጢ መታ መታ እያደረገ ያላቅቀዋል። ያ ቡጢ...

«መብራቱን ከሦስት ሰዓት በኋላ አጥፋልኝ።»

«ለምን፣ ጋሼ መነጽር?»

«ሰማይ ፎቶ አነሳለሁ።»

«የሰማይ ምኑን?»

«የሞተ ኮከብ... የተገፈፈ ቆዳውን።»

ቡጢው ቆመ። በጉን አየው፣ እኔን አየኝ።

«እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስገፍፍ ፎቶ ያነሳኝ አንድ ሰው የለም። ለሰማዩ ሥጋ ሻጭ ግን ጣሪያ ላይ ታድራለህ?»

ሥጋ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የተሰቀለው በግ እንኳ ጥርሱን ገልጦ ነበር።

በዛሬው ዕለት ጦርነት ታውጇል። የታወጀበት ወገን ገና አልሰማም።

ኅዳር 9

ተደበደብኩ። ለታሪክ እንዳይዛባ፦ መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ወጥቼ የመብራቱን ገመድ ልቆርጥ ስል እግሬን ይዞ ጎትቶ አወረደኝ። «ሌባ መስለኸኝ ነው» ይላል፣ በጠራራ ፀሐይ! መነጽሬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። (ሙያ ነው።) ከዚያ ደረቱን በጥፊ አልኩት። ደረት በጥፊ አይመታም፣ አውቃለሁ። ፊቱ ሩቅ ነበር።

እሱ አንድ ቡጢ። አንድ ብቻ። አፍንጫዬ እንደ በሰለ ቲማቲም ፈረጠ። መሬት ላይ ሆኜ ሳየው ሞረድ ሦስት ሆኗል፣ ሦስቱም «ተነሳ እንጂ!» ይላሉ።

ሚስቴ መጥረጊያ ይዛ ስትሮጥ መጣች። ልታድነኝ መስሎኝ... ለሁለታችንም እኩል አከፋፈለችን። «ወንድሜም ባሌም አፈር ብሉ!»

አመሻሽ ላይ አፍንጫዬን በጥጥ ወትፌ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጀግና በቁስሉ ሥራ አይፈታም። አንገቴን ደፍቼ ማጣሪያውን ሰካሁ፣ ከመጨለሙ በፊት የሸሚዝ ፎቶ አነሳሁ። ይህን በወር አንዴ እሠራዋለሁ። የቴሌስኮፑ አፍ ላይ ነጭ ሸሚዝ ወጥረህ ታነሳለህ፣ መስታወቱ ላይ ያለው ጉድፍ ሁሉ ነጩ ላይ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ያን ጥላ ያስታውስና በኮከቦቹ ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ ብርሃን ጨምሮ ያካክሰዋል። እንደጨረስኩ ማጣሪያው ላይ አንዲት ነጥብ አየሁ። በሸሚዙ ጫፍ ወለወልኳት። የመነጽር ሰሪ እጅ ሳይታዘዝ ይወለውላል።

ለሞረድ ፀሐይ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ሰሜን አነጣጠርኩ። አነሳሁ። ራሴ ይወቃኛል።

ኅዳር 10

ፎቶው መሐል ላይ ቀለበት አለች።

ክብ። ጥርት ያለች። በማጣሪያ አለች፣ ያለ ማጣሪያ የለችም። ላነሳት የነበረችው ስልሳ አንደኛዋ አይደለችም፣ እሷ ከዚያ ሩቅ ናት። የኔቡላ መዝገቦቹን ሁሉ አገላበጥኩ። የለችም። ደግሜ አገላበጥኩ። ማንም አላያትም!

ዘለልኩ። አፍንጫዬ እንደገና ደማ። ይድማ።

ኅዳር 12

ትናንትም እዚያው። ቴሌስኮፑን እዚያው ኮከብ ላይ ተከልኩት፣ ቀለበቷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ለሰማይ ተመልካቾች ማኅበራችን ጸሐፊ ጻፍኩ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። እሳቸው «እውነት ነው» ካሉ በስሜ ትመዘገባለች። ሰው ቤት ይሠራል፣ ሐውልት ያቆማል... እኔ የሰማይ ቁራጭ። እኔ ከሞትኩ በኋላም ሥጋ ቤት ውስጥ የማይሳቅበት ስም።

ለሚስቴ ነገርኳት።

«ለእኔ ያላሰርክልኝን ቀለበት ሰማይ ላይ አገኘኸው?»

«ስሜ መዝገብ ላይ ይወጣል እኮ!»

«ከወንድሜ ታረቅ። የዚያን ጊዜ እኔም እመዘግብሃለሁ።»

መምህርት የጠራ ፎቶ ይፈልጋሉ። በሞረድ ፀሐይ ሥር የጠራ ፎቶ ከየት ይመጣል?

ኅዳር 14

ወንጭፍ። ከነካሁ ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል።

አንደኛው ድንጋይ የሞረድን ቆርቆሮ መታ። ሁለተኛው በግ። (ይቅር ይበለኝ። ለማንኛውም ዓርብ ይታረዳል።) ሦስተኛው... ጠሽ! ስብርባሪው ግቢው ላይ ዘነበ። ከዚያ ጨለማ፣ ድቅድቅ ያለ።

  አንድ ተጨማሪ መብራት ቢኖር እሱንም እሰብር ነበር። ይሄ ወንጭፍ የያዘ ሰውዬ ማን ነው?

ኅዳር 15

የሚገርም ነገር። ሰማዩ ሲጨልም ኮከቦቹ ጎሉ፣ ቀለበቷ ግን ደበዘዘች። ዓይን አፋር ናት መሰለኝ። ፎቶውን ላክሁ።

ሞረድ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ጠብ የረሳ ፊት። «መብራቴን ንፋስ ሰበረው። ሰኞ አዲስ እሰቅላለሁ፣ እስከዚያ ቆዳህን ፎቶ አንሳ።»

ንፋስ! አነጣጥሮ ድንጋይ የሚወረውር ንፋስ። አመስግኜው ሄድኩ።

ኅዳር 17

ሞረድን ደበደቡት።

ሌሊት ሌቦች ገቡበት። ሦስት ናቸው የሚል አለ፣ አምስት የሚል አለ። በዚያ ጨለማ ማን ቆጠረ? ብረት ይዘው ነበር። ቀኝ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ራሱ ላይ አስራ አራት ስፌት። በጎቹን ወስደዋል።

ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ። አጥንት ሲሰበር ሰምቻለሁ... ጧ፣ ጧ። «ሞረድ ለነገ አጥንት እየከተከተ ነው» ብዬ አንድ ፎቶ ጨመርኩ።

እውነትም አጥንት ነበር።

ሚስቴ የወንድሟን ደም ከእጇ እየታጠበች፦

«መብራቱን ማን ሰበረው?»

«ንፋስ።»

አየችኝ። ውሃው እየፈሰሰ አየችኝ።

ኅዳር 19

ሆስፒታል። ብርቱካን ይዤ። ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል።

«ና ጋሼ መነጽር፣ ካሜራህን አምጣ። ይኸው እኔም ተገፍፌልሃለሁ።» ሳቀ፣ ስፌቱ ያዘው፣ እናቱንም የእኔንም እናት ሰደበ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «መብራቱ ቢኖር ፊታቸውን አይ ነበር። ምን እንደመታኝ እንኳ አላየሁም።»

ብርቱካን ዘረጋልኝ። «ግፈፍልኝ፣ እጅ የለኝም።»

ገፈፍኩለት። ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ጣፋጭ ነው?» አልኩት። ፈሪ።

ኅዳር 20

የመምህርት መልስ መጣ።

«ልጄ፣ ቴሌስኮፑን ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርገህ ደግመህ አንሳት። ከኮከቦቹ ጋር ከተንቀሳቀሰች የሰማይ ናት። ኮከቦቹ ሄደው እሷ ፎቶው መሐል ከቀረች የአንተ ናት።»

የእኔ ናት እንጂ! የማን ልትሆን? ይህ ለእኔ ይባላል? አስራ አንድ ዓመት ለለፋሁት? ሰውን በትሕትና በጥፊ መምታት ማለት ይሄ ነው።

እሺ። ላሳያቸው።

ኅዳር 21

ኮከቦቹ ሄዱ። እሷ መሐል ላይ ቀረች።

ወደ ግራ ገፋሁ። መሐል። ወደ ቀኝ። መሐል። ቴሌስኮፑን በርግጫ ልለው ነበር፣ ግድግዳውን ረገጥኩ። አውራ ጣቴ አብጧል።

ጠዋት ይህን ደብተር አገላበጥኩ፣ ምን ብነካ ነው ብዬ። ኅዳር 9። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፦ «አንዲት ነጥብ አየሁ። ወለወልኳት።» ሸሚዙን ካነሳሁ በኋላ! የሸሚዙን ፎቶ ሳልደግም! ኮምፒውተሩ በታማኝነት የሌለ ጥላ ሲያካክስ፣ የሌለ ጉድፍ ላይ ብርሃን ሲጨምር ከርሟል። (መስታወት ላይ ያለ ነጥብ ፎቶው ላይ ጥላው ቀለበት ነው።) የሰው መነጽር ሲወለውል የኖረ እጅ... አንዱን ቀን እንኳ ቢሰንፍ ምን ነበረበት?

ሸሚዙን ከሚታጠበው ልብስ ሥር አወጣሁት። ጫፉ ላይ ቡናማ ጭረት። ደም። አንገቴን ደፍቼ ማጣሪያ ስሰካ ከአፍንጫዬ የተንጠባጠበ።

ኮምፒውተሩ ያለውን ብርሃን ነው የሚያበዛው። ለዚህ ነው መብራቱ ሲሰበር የደበዘዘችው። ያበራት የነበረው የሞረድ መብራት ነው። ያወጣት የሞረድ ቡጢ። ደሙ ብቻ የእኔ። ለዚህች ነው የሰው ክንድ ያሰበርኩት።

ኅዳር 22

ለመምህርት ጻፍኩ፦ «ደም ሆና ተገኝታለች።»

በአሥር ደቂቃ መልስ፦ «የማን?»

ኅዳር 25

ሞረድ ከሆስፒታል ወጣ።

አዲስ መብራት ገዛሁ። ከዘይት ቆርቆሮ ኮፍያ ቆርጬ ሠራሁለት፣ ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ፣ ግቢው ላይ ብቻ እንዲደፋ። ሁለት ጣቴን ቆርቆሮው በላኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ ስሰቅል ሞረድ ክንዱን በጀሶ ታቅፎ፣ በርጩማ ላይ ሆኖ ያዝዘኛል።

«ወደ ግራ! ግራህን አታውቅም? ይሄ ሰውዬ ለሰው ዓይን ይሸጣል ደግሞ!»

አበራነው። ግቢው ቀን ሆነ። የእኔ ጣሪያ ጨለማ እንደሆነ ቀረ።

ሞረድ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። «ይሄን ያህል ቀላል ነበር?»

«ይሄን ያህል።»

«ታዲያ ምን አፋጀን?»

ከመሰላሉ ወረድኩ። ላይ ሆኜ ብነግረው ይሻለኝ ነበር።

«ሞረድ... ያ ንፋስ እኔ ነበርኩ።»

  ዓይኑ ክንዱ ላይ አረፈ፣ ጀሶው ላይ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከበርጩማው ተነሳ። በግራው ነው የመታኝ። ግራውም እንደ ቀኙ ነው።

መሬት ላይ ሆኜ ሳየው አንድ ሞረድ ብቻ ነበር፣ እሱም ያለቅሳል። «በጎቹን እንኳ ተዋቸው» ይላል። «እኔን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔን!» ከዚያ ያንኑ የመታኝን እጅ ዘረጋልኝ። ይዤው ተነሳሁ።

አፍንጫዬ ይፈሳል። እጄ ሳይታዘዝ በደረት ኪሴ የያዝኩትን ማጣሪያ ከደሙ ሊጠብቅ ሄደ። ማጣሪያው ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ክዳኑ ተዘግቷል። ተመስገን።

ሚስቴ በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። መጥረጊያውን አልያዘችም። የያዘችው የቴሌስኮፔን ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ፊቴ ላይ ወረወረችው።

«ጥረግበት» አለች። «ለምዶታል።»