ቆመው የሄዱት ሽማግሌዎች

ለምወድሽ እናቴ ይድረስ፣

እንደምን ሰነብተሻል? ያ ግራ ክንድሽ የሰሞኑን ብርድ እንዴት ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ረሆቭ ሃባሽ በሚሉት የሐበሾች መንገድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ብትሆንም በሯ ከውስጥ ይቆለፋል። ስደውልልሽ አባባ ስፒከሩን ከፍቶ ስለሚያዳምጠን ይህን እኅቴ ታሊ በእጅሽ እንድትሰጥሽ አድርጌያለሁ።

የላክሽብኝ ሽማግሌዎች ዓርብ ጠዋት መጡ። አባባ እንዳስላከሽ አውቃለሁ። መንገዱ ጠፍቷቸው ኖሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ መነኩሴ እስከ ደጄ ሸኟቸው። ትልቁ ሽማግሌ አያ ይርዳው ጃንጥላቸውን ተደግፈው፣ ወደ ባልሽ ካልተመለስሽ አንቀመጥም አሉ። ወንበር ባቀርብ፣ ውሃ ብሰጥ፣ እንቢ! ከዚያ ሙገሳው ወረደ። ከልጆች ሁሉ አስተዋይ እኔ፣ የእናቷን ትዕግሥት የወረሰች እኔ። እንደኔ ያለች ጨዋ፣ ባሏ ሃጋይ አንድ ቀን እጁ ስላመለጠው ቤቷን አታፈርስም አሉ።

ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንግሊዝኛ እያጠናሁ ነው ብዬሽ የለ? በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ላይ አስተማሪያችን ኦዴያ ብላንዲሽመንት የሚል ቃል ጻፈችልን። ሰው የማይሻውን እንዲያደርግ የሚነገረው ጣፋጭ ቃል ነው አለች። ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ስትለን ሌላው ስለ ሻጭና ስለ ምርጫ ጻፈ፤ እኔ ባዶ ወረቀት ሰጠኋት። በእኛ ማባበል ለሚያለቅስ ልጅ ነው፤ ሽንገላ ብዬ ብተረጉመው ደግሞ ለሽማግሌ ስድብ ይሆናል። አያ ይርዳው ሲያሞግሱኝ ግን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ስላመሰገኑኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አልመለስም አልኋቸው። ጉልበትዎን ካመመዎ ይቀመጡ፣ ካልሆነም ቆመው ይዋሉ አልሁ። አፍራለሁ ብዬ ነበር፣ አላፈርሁም። እንደቆሙ ሄዱ። ትልቅ ሰው አዋረድሽ ብለሽ ተቆጪኝ፣ እችለዋለሁ።

እኒሁ አያ ይርዳው ልጅ ሳለሁ መቫሰረት ቤታችንም መጥተው ነበር። ክንድሽ በጀሶ ታስሮ ነበር። አንቺንም አስተዋይ፣ ታጋሽ አሉሽ። አባባን ይቅር በይው ሲሉሽ አንቺ እሺ አልሽ፣ እነሱም ተቀመጡ። ወንበሩን ያቀረብሁላቸው እኔ ነበርሁ።

ከደብዳቤው ጋር ቁልፍ አለ። አስተዋይ ነሽ፣ ታጋሽ ነሽ ብዬ አላግባባሽም። አልጋው ለሁለት ይበቃል።

ፈጣሪ ክንድሽን ይማርልኝ፣ ደጅ ስትወጪም ይከተልሽ።

የምትጠብቅሽ ልጅሽ